የሦስት ቀን መንገድ በጠረጴዛ ላይ

ቅዳሜ ማታ ነው። አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበዋል። ወረቀት፣ እርሳስ፣ አንድ ሳህን ቆሎ፣ የጎናቸው ብዛት የተለያየ ዳይሶች። በምናብ የፈጠሯቸው ጀግኖች ከከተማዋ በር ወጥተው ወደ ፈረሰው ምሽግ ሊሄዱ ነው፤ የሦስት ቀን መንገድ። ጨዋታውን የሚመራው ሰው እዚህች ላይ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «እሺ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደረሳችሁ» ብሎ መንገዱን ይዘለዋል፤ ወይ ዳይስ ይወረውርና «አራት ተኩላ መጣባችሁ» ይላል። ተኩላዎቹን ለመግደል አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሲያልቅ ማንም ያገኘው ነገር የለም፣ ያጣውም የለም። በማግስቱ ደግሞ ሦስት ተኩላ።

ከሁለቱ ምረጥ ብባል መዝለሉን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ የሰው ማታ አያባክንም። እኔም ማጫወት በጀመርኩ ሰሞን በተከታታይ ሦስት ሳምንት ተኩላ ልኬባቸው፣ በአራተኛው ሳምንት አንዱ ተጫዋች ስልኩን እያየ «ስንት ጉዳት ደረሰብኝ?» ብቻ ይለኝ ነበር። የተኩላው ችግር ደካማነቱ መስሎኝ በአምስተኛው ሳምንት ትልቅ ተኩላ ላክሁ። ሰውየው ስልኩን አላስቀመጠም።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ በአጭሩ ዲ ኤንድ ዲ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት በምትገኘው ሌክ ጄኒቫ ታትሞ የወጣ፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩት ጨዋታ ነው። አሸናፊ የለውም። እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ባለቤት ነው፤ አንዱ ሰው ደግሞ ዓለሙን፣ አየሩን፣ ባለሱቁን፣ ጭራቁን ሁሉ ይይዛል። እኛ ይህን ሰው «አጫዋች» እንለዋለን። ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይወስናል። ለአያቴ ሳስረዳት «ተረት ነው፤ ግን አድማጩ የላም በረት ብሎ ዝም አይልም፤ ቆይ፣ ጅቡን እኔ ላናግረው ይላል» ብዬ ነበር። ገባት።

ከጨዋታው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ሦስተኛው ስለ ከርሰ ምድርና ስለ ዱር ጉዞ ነበር። የሚገርመው የዱሩ ሰሌዳ ከሌላ ጨዋታ በውሰት የመጣ መሆኑ ነው። መጽሐፉ አጫዋቹን «አውትዶር ሰርቫይቫል» የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ አግኝ ይለዋል። እሱ ደግሞ ጂም ደኒጋን የነደፈው፣ አቫሎን ሂል የተባለ ድርጅት በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን ዘንዶም ጠንቋይም የለበትም፤ ጫካ ውስጥ መንገድ የጠፋባቸው ሰዎች ውኃና ምግብ እየፈለጉ የሚንከራተቱበት ነው። ስለዚህ የዚህ ጨዋታ ጀግኖች ገና ከጅምሩ ይጓዙ የነበረው በረሃብና በጥም ሰሌዳ ላይ ነው። ጭራቁ በኋላ የተጨመረ እንግዳ ነው። ብዙ አጫዋች እንግዳውን ብቻ አስቀርቶ ባለቤቱን አስወጥቶታል።

እንግሊዝኛው «ኤንካውንተር» የሚለውን እኛ «ገጠመኝ» ብንለው ከትርጉም በላይ እናተርፋለን። በአማርኛ ገጠመኝ ማለት ከሆነ በኋላ ለሰው የሚወራ ነገር ነው። በኤፍኤም ሬዲዮ ገጠመኝ ሲነበብ ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ማንም ሰው «መንገድ ላይ ውሻ ጮኸብኝ፣ ድንጋይ ወረወርኩበት፣ ሄደ» ብሎ ደብዳቤ አይልክም። «ውሻው ጮኾብኝ ስሸሽ የገባሁበት ግቢ የቀድሞ አስተማሪዬ ቤት ሆኖ ተገኘ» ከሆነ ግን ይላካል። እኔ ለጨዋታ የማዘጋጀውን እያንዳንዱን ነገር በዚህ ወንፊት አሳልፈዋለሁ፦ ተጫዋቹ በማግስቱ ለሥራ ባልደረባው ያወራዋል?

ወንፊቱን የሚያልፈው ነገር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ጠባይ አለው። መንገድ ላይ የተገኘው ፍጡር የራሱ ጉዳይ አለው። እናንተን ለማጥቃት ከጫካው ጀርባ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ ቆሞ ሲጠብቅ አልነበረም፤ የሆነ ቦታ ሲሄድ፣ የሆነ ነገር ሲፈልግ፣ ከሆነ ነገር ሲሸሽ ነው የተገናኛችሁት። ስለዚህ ዳይሱ «ስድስት ሽፍታ» ሲለኝ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ከአንድ ሰዓት በፊት ምን ሲያደርጉ ነበር? እነዚህን መንገደኞች ባያገኙ ወዴት ይሄዱ ነበር? መልሱ «ጓደኛቸው ቆስሎ በቃሬዛ ተሸክመው መድኃኒት አዋቂ እየፈለጉ ነው» ከሆነ፣ ያው ስድስት ሽፍታ፣ ያው ሰይፍ፣ ያው ጉልበት፣ ግን ሌላ ማታ ሆነ። መልሱ «ባለዕዳቸው የሆነ ነጋዴ በመሻገሪያው ያልፋል ብለው አድፍጠዋል» ከሆነ ደግሞ የእናንተ መምጣት ወጥመዳቸውን ሊያበላሽ ስለሆነ፣ በፍጥነት እንድታልፉላቸው የሚለምኑት እነሱ ናቸው።

ለተኩላም ያው ነው። የተራበ አውሬ ሰይፍ የታጠቁ አምስት ሰዎችን ፊት ለፊት አይጋፈጥም። የሚፈልገው በቅሎዋን ነው፤ እሱም ወደ ኋላ ስትቀር። ስለዚህ ተኩላዎቹ አንድ ቀን ሙሉ በርቀት ይከተላሉ፤ ሲቆሙ ይቆማሉ፤ ሌሊት እሳቱ ሲከስም ዓይናቸው ይታያል። በቅሎዋ ፈርታ ገመድ ትበጥሳለች። አሁን ተጫዋቾቹ መወሰን አለባቸው፦ ስንቁን የተሸከመችውን በቅሎ በጨለማ ይከተሉ ወይስ እሳቱ አጠገብ ይቆዩ? አንድም ሰይፍ ሳይመዘዝ ሁሉም ከወንበሩ ተነሥቷል።

ይህን ሁሉ ከአእምሮ ማውጣት ለማይቀለው ሰው የድሮው ሕግ ሁለት ጥሩ መሣሪያ ትቶለታል። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኤክስፐርት» የተባለው የዲ ኤንድ ዲ መጽሐፍ በሜዳና በዱር መንገደኛና ፍጡር በምን ያህል ርቀት እንደሚተያዩ በዳይስ ይወስናል፦ አራት ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ወርውረህ ድምሩን በአሥር ታባዛለህ፣ በያርድ። ከ40 እስከ 240 ያርድ መሆኑ ነው፤ መካከለኛው 140፣ ወደ 130 ሜትር ገደማ። ይህች ቁጥር ብዙ ነገር ትለውጣለች። በ130 ሜትር ርቀት የሚታይ ግዙፍ ፍጡር ገና ችግር አልሆነም፤ ጥያቄ ነው። መደበቅ፣ መዞር፣ እጅ ማውለብለብ፣ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። «ድንገት ፊታችሁ ቆመ» እያለ የሚጀምር አጫዋች ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ድንገተኛ ነገር ይኑር፤ ግን በዳይስ ይምጣ፣ አልፎ አልፎ።

ሁለተኛው መሣሪያ የስሜት ውርወራ ነው፤ ሁለት ባለ ስድስት ጎን ዳይስ። 2 ከመጣ ፍጡሩ ወዲያው ያጠቃል። ከ3 እስከ 5 ጠበኛ ነው፣ ሊያጠቃም ይችላል። ከ6 እስከ 8 አልወሰነም፣ ግራ ተጋብቷል። ከ9 እስከ 11 ጠብ የለውም፤ ትቶ ሊሄድ ወይም ሊደራደር ይችላል። 12 ወዳጅ። ሁለት ዳይስ በ36 ዓይነት ሊወድቅ ስለሚችል ስሌቱ ቀላል ነው፦ ወዲያው የሚያጠቃው ከ36 አንዴ፣ ጠበኛው ከ36 ዘጠኝ ጊዜ፣ ያልወሰነው 16 ጊዜ። ማለትም በድሮው ሕግ ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ ገና ያልቆረጠ ፍጡር ነው። እንዲቆርጥ የሚያደርገው ተጫዋቹ የሚናገረው ነገር ነው። በኋለኞቹ እትሞች ይህ ውርወራ ዋና ቦታውን አጥቷል፤ እኔ ግን የምጫወተው የትኛውንም እትም ይሁን አልተውኩትም። ዘንዶ ላይ 11 ወጥቶ፣ ዘንዶው ስለ ሠፈሩ ወሬ ሲጠይቃቸው ያመሸንበት ቀን አለ።

ፍጡሩ ጉዳይ አለው አልን። መንገደኞቹም ሊከስሩት የሚችሉት ነገር ሊኖራቸው ይገባል፤ ካልሆነ የትኛውም ምርጫ ከሌላው አይሻልም። ዋናው የመንገድ ገንዘብ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የጨዋታው አምስተኛ እትም አጫዋቹን ያስቸግረዋል። በዚያ ሕግ ጀግኖች ስምንት ሰዓት ካረፉ የተጎዳው ጉልበታቸውም፣ ያለቀው አስማታቸውም ይመለሳል። በመንገድ ላይ በቀን አንድ ገጠመኝ ብቻ ካለ፣ ጠንቋዩ ያለ የሌለ አስማቱን በአንድ ተኩላ ላይ አራግፎ፣ ተኝቶ፣ ሙሉ ሆኖ ይነሣል። ለዚህ ነው የመንገድ ውጊያ ትርጉም የሚያጣው፤ የተኩላው ደካማነት አይደለም። መጽሐፉ ራሱ አማራጭ ሕግ አስቀምጧል፦ አጭሩ ዕረፍት ስምንት ሰዓት፣ ረጅሙ ዕረፍት ሰባት ቀን ይሁን ይላል። ለእኔ ይህ ትንሽ ይከብዳል። የምጠቀምበት ቀለል ያለ ነው፦ ሙሉ ዕረፍት ጣሪያና በር ባለበት ቦታ ብቻ። ሜዳ ላይ ያደረ ሰው ደከም ብሎ ይነሣል፤ እውነቱም ይኸው ነው።

የስንቅ ጉዳይ ደግሞ አለ። ሕጉ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ፓውንድ ምግብና አንድ ጋሎን ውኃ፣ ሙቀት ከሆነ ሁለት ጋሎን ይላል። መልካም። ነገር ግን «ጉድቤሪ» የሚባል የመጀመሪያ ደረጃ አስማት አሥር ፍሬ ያበቅላል፣ አንዷ ፍሬ አንድ ሰው ለአንድ ቀን ታጠግባለች። አንድ ሰው እጁን አወዛውዞ ሠፈሩን ሁሉ መና ያበላል ማለት ነው። በዚያው እትም ሬንጀር የሚባለው የዱር አዋቂ፣ በሚያውቀው መልክዓ ምድር ላይ ቡድኑ በአስማት ካልሆነ በቀር መንገድ አይጠፋበትም። አንዳንድ አጫዋቾች እነዚህን ይከለክላሉ። እኔ ይህን አልወደውም፤ ሰውየው ሌላ ነገር መምረጥ ሲችል ይህን የመረጠው ለመንገድ ብሎ ነውና፣ ይጠቀምበት። ፍሬ የማይፈታው ዕዳ ሞልቷል፦ ቀጠሮ (ሙሉ ጨረቃ ከመውጣቷ በፊት ካልደረሳችሁ በሩ ይዘጋል)፣ ሸክም፣ በቃሬዛ ያለ ሰው፣ የሞላ ወንዝ፣ ከኋላ የሚከተል ጠላት። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ካለ እያንዳንዷ ግማሽ ቀን ዋጋ ታወጣለች።

ርቀትን በተመለከተ አምስተኛው እትም በመደበኛ እርምጃ በቀን 24 ማይል፣ በፍጥነት 30፣ በዝግታ 18 ይላል። ፈጥኖ የሚሄድ ሰው ዙሪያውን የማስተዋል አቅሙ ይቀንሳል፤ በዝግታ የሚሄደው ተደብቆ መሄድ ይችላል። ከስምንት ሰዓት በላይ የሚገሰግስ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት የመዛል አደጋ አለበት። የድሮው ሕግ ደግሞ በጫካ፣ በኮረብታና በበረሃ ጉዞው ወደ ሁለት ሦስተኛ፣ በተራራና በረግረግ ወደ ግማሽ ይወርዳል ይል ነበር። ካርታው ባለ ስድስት ጎን ቤቶች ያሉት እንደ ማር እንጀራ ነው፤ የአንዱ ስፋት ብዙ ጊዜ ስድስት ማይል፣ አሥር ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ይህ ልክ ዝም ብሎ የተመረጠ እንኳ ቢሆን ደስ የሚል ነገር አለው። ሜዳ ላይ የቆመ ሰው አድማሱ ከሦስት ማይል ትንሽ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ከቤቱ መካከል የቆመ መንገደኛ የሚያየው እስከዚያው ቤት ጠርዝ ድረስ ነው። ቀጣዩ ቤት ውስጥ ያለው ገና ምሥጢር ነው።

ያም ሆኖ ማይሉን ትቼዋለሁ። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ቆሞ የአባይን ማዶ ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ ማዶው እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል፣ በመካከል ግን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለትና ያንኑ ያህል ዳገት አለ። አማርኛ መንገድን በጊዜ ሲለካ ኖሯል፦ የግማሽ ቀን መንገድ፣ የአንድ ጀምበር መንገድ። ጨዋታውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የእኔ ካርታ ነጥቦችና መስመሮች ብቻ አሉት፤ በየመስመሩ ላይ «ግማሽ ቀን»፣ «አንድ ቀን»፣ «አንድ ቀን፣ በክረምት ሁለት» ተብሎ ተጽፏል። ወርደህ ቆላ ስትደርስ ሙቀቱም፣ ዛፉም፣ አውሬውም ይለወጣል፤ ስለዚህ ለደጋና ለቆላ የተለያየ ሠንጠረዥ አለኝ። የምናውቀው አገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጭላዳ ሣር ይግጣል፣ ለማደር ወደ ገደል ይወርዳል፤ ስለዚህ የጭላዳ መንጋ ወዴት እንደሚሄድ ያየ ተጫዋች ገደሉ በየት በኩል እንዳለ በጉም ውስጥ ሊያውቅ ይችላል። ይህን ከየትኛውም የጭራቅ መጽሐፍ አላገኘሁትም።

ከመስመሮቹ ቢያንስ ሁለቱ ወደ አንድ ቦታ መድረስ አለባቸው፤ መንገዱ አንድ ብቻ ከሆነ ተጫዋቹ ምንም አልመረጠም። ለምሽጉ የአምባው መንገድ አራት ቀን ይፈጃል፣ ደረቅ ነው፣ ግን ኬላ አለበት፣ ከሩቅም ይታያል። የጉም ሸለቆው ሦስት ቀን ነው፣ ወንዝ አለው፣ ሰው ይፈራዋል። ይህን ተጫዋቾቹ ከመነሣታቸው በፊት ማወቅ አለባቸው። ገበያ ውስጥ አንዲት ሻጭ «በሸለቆው የሄደው የአክስቴ ልጅ ደረሰ፣ በቅሎው ግን አልደረሰችም» ትበላቸው። ግማሽ እውነት ይበቃል። ምንም ሳያውቁ ግራ ወይስ ቀኝ ብሎ መጠየቅ ሳንቲም ከመወርወር አይለይም።

አሁን ሠንጠረዡ። በሁለት ዳይስ ድምር የሚሠራውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም መካከሉ ደጋግሞ ይመጣል፣ ዳርና ዳሩ ብርቅ ነው። 6፣ 7 እና 8 አንድ ላይ ከመቶ 44 እጁን ይወስዳሉ፤ 2 እና 12 እያንዳንዳቸው ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ የአገሩ የዕለት ተዕለት ኑሮ መካከል ላይ ይቀመጣል፣ ተአምሩ ጫፍ ላይ። በጉም ሸለቆ 7 መልክዓ ምድሩ ራሱ ነው፦ የተናደ መንገድ፣ የሞላ ወንዝ። 6 ጨው የጫኑ ሲራራ ነጋዴዎች። 8 ስንቅ የሚዘርፉ ዝንጀሮዎች። 5 በቅሎ የሚከተሉ ተኩላዎች፤ 9 ቁስለኛ የያዙ ሽፍቶች። 4 ሽፍቶቹን የሚያሳድዱ የንጉሥ ወታደሮች፣ 10 ዋሻ ውስጥ የሚኖሩ አንድ ባሕታዊ። 3 ፍየል የጠፋባት ልጅ፤ ራሷ መጥፋቷን አታምንም። 11 ድልድዩን ይዞ ቀረጥ የሚጠይቅ ግዙፍ ፍጡር። 2 ከደመና በላይ የሚያልፍ ዘንዶ፤ የሚታየው ጥላው ብቻ ነው። 12 ከመቶ ዓመት በፊት ያለቀ ሠራዊት፣ ማለቁን ሳያውቅ አሁንም የሚጓዝ።

ዝርዝሩን አንድ በአንድ ማውጣት ከባድ አይደለም። ሥራው ያለው ክሮቹን ማሰር ላይ ነው። የሽፍቶቹን ቁስለኛ የመታው የድልድዩ ግዙፍ ነው። ግዙፉ ቀረጥ መጠየቅ የጀመረው ድሮ ነጋዴዎቹ በፈቃዳቸው ጨው ይሰጡት ስለነበርና ዘንድሮ ስላቆሙ ነው። የልጅቷን ፍየል ዝንጀሮዎቹ አላገኟትም፤ ባሕታዊው ዋሻ ገብታለች። አንዱን ያገኘ ቡድን የሌላውን ጫፍ ይይዛል። ጨውም ቢሆን ተራ ሸቀጥ መስሎ እንዳይታይህ፤ በእኛው አገር አሞሌ ጨው እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል፣ ስለዚህ ግመል ሙሉ ጨው የሚነዳ ሰው ግመል ሙሉ ገንዘብ እየነዳ ነው። የሸለቆው ሁሉ ጠብ በዚህች አንድ ነገር ዙሪያ ሊሽከረከር ይችላል። አንዴ የወጣውን ደግሞ እሰርዝና መዘዙን እጽፍበታለሁ። ነጋዴዎቹን አግኝተው ካልረዷቸው፣ በ6 ቦታ በሚቀጥለው ሳምንት የተገለበጠ ጭነትና ባዶ ኮርቻ አለ።

መቼ ነው ዳይሱን የምወረውረው? በቀን ሦስት ጊዜ፦ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ሌሊት። ባለ ስድስት ጎኑን ዳይስ ወርውሬ 1 ከመጣ ገጠመኙ ራሱ መጣ። 2 ከመጣ ምልክቱ፦ ዱካ፣ ያልበረደ አመድ፣ ትኩስ ፋንድያ፣ የተሰበረ ቃሬዛ። 3 ከመጣ የሆነ ነገር ያልቃል ወይም ይበላሻል፦ ጫማ፣ ገመድ፣ ውኃ። ሌላው ሰላማዊ መንገድ ነው። ስሌቱን ለሚወድ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ከስድስት አንድ ዕድል ማለት በአንድ ቀን ቢያንስ አንድ ገጠመኝ የመኖሩ ዕድል ከመቶ 42 ነው፤ በሦስት ቀን ጉዞ ወደ 81 ይደርሳል። በአማካይ አንድ ተኩል። ለአንድ ማታ ጨዋታ ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ አሥር የሚያዘጋጅ ሰው ጉልበቱን ያባክናል። ከሁሉም የምወደው 2 ቁጥርን ነው። ምልክት ያየ ተጫዋች ስጋትን ራሱ ይሠራል፤ አጫዋቹ አፉን መክፈት እንኳ አይኖርበትም።

አየር ንብረትን ብዙ አላወሳስብም። ዛሬ እንደ ትናንት ነው፣ ካልሆነ ብሶበታል። መንገድ መጥፋትን በተመለከተ የድሮው ሕግ በሜዳ ከስድስት አንድ፣ በጫካና በተራራ ሁለት፣ በረግረግና በበረሃ ሦስት ዕድል ሰጥቶታል። «ጠፋችሁ፣ አንድ ቀን አባከናችሁ» ማለት ግን ምንም አያጫውትም። አልነግራቸውም። «በስተግራ ሁለት ጫፍ ያለው ተራራ ይታያል» እላለሁ፤ ካርታው ላይ ተራራው በስተቀኝ ነው። አንዱ ያስተውላል፣ ሌላው «ካርታው ነው የተሳሳተው» ይላል፣ ክርክሩ እነሱ መካከል ነው።

አንድ ማታ እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ። ቡድኑ የሸለቆውን መንገድ መረጠ። ጠዋት 5 መጣ፣ ምንም። ከሰዓት 2። ምልክቱ የምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱን ዳይስ ወረወርኩ፤ 9። ወንዙ ዳር ደም የነካው ጨርቅ፣ አጠገቡ የአምስት የስድስት ሰው ኮቴ፣ ከኮቴዎቹ አራቱ ጠልቀው የገቡ፤ የሆነ ከባድ ነገር ተሸክመዋል። ሀብት ነው ብለው ተስማሙ። እኔ ዝም አልኩ።

ሌሊት 1 መጣ። ምልክቱ ሽፍቶቹ ስለነበሩ አዲስ አልወረወርኩም፤ እነሱው ናቸው። ስሜታቸው 10፤ ጠብ የላቸውም። ርቀቱ 90 ያርድ። እሳቱን ከሩቅ አይተዋል። ሦስተኛው ዘብ ላይ የነበረው ተጫዋች «ምን ይታየኛል?» ሲል፣ «ምንም። ግን ከጨለማው የሰው ድምፅ ይመጣል» አልኩት። «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነን፣ አሳድሩን!»

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ቤት የለም፣ በር የለም፣ እሳት ብቻ ነው። ግን እንደዚያ ለተባለ ጥሪ ምን እንደሚመለስ የሁላችንም አያቶች ቤት የሰማነው ነው። ቀስቱን ደግኖ የነበረው ተጫዋች ለትንሽ ጊዜ ዳይሱን እጁ ላይ አገላበጠው፤ ከዚያ አስቀመጠውና በገጸ ባሕርዩ ድምፅ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» አለ። በጨዋታው ዓለም ያ አምላክ የለም። ማንም አላረመውም።

ቃሬዛው ወደ ብርሃን ገባ። ካህኗን የያዘችው ተጫዋች የቀራት አንድ ፈውስ ብቻ ነበር፤ ሜዳ ላይ አድረው ስለሆነ ነገም አይመለስላትም። ለሽፍታ ሰጠችው። ጎህ ሲቀድ የጠዋቱን ዳይስ ወረወርኩ፦ 1። ሠንጠረዡ፦ 4። የንጉሥ ወታደሮች፣ 150 ያርድ ላይ፣ ፈረስ ያላቸው፣ ሽፍታ ያያችሁ እንደሆነ የሚጠይቁ። ስሜት፦ 6፤ ገና አልወሰኑም። ስድስቱ ሰዎች ከድንኳኑ ጀርባ ተኝተዋል፣ ሰባተኛው ቁስለኛ ነው። የወታደሮቹ አለቃ ከፈረስ ሳይወርድ «ደህና አደራችሁ? እንግዳ አላሳደራችሁም መቼም» አለ።

ሌሎቹ ተጫዋቾች ሁሉ ወደ ካህኗ ዞሩ። ስልኩን ያይ የነበረውም ጭምር። ወደ ምሽጉ ገና የሁለት ቀን መንገድ ይቀራቸዋል።